«ቤት ይቆዩ» በሐምዳይት፦ የአማርኛ የውሎና የአዳር ግሶች በወረርሽኙ ዘመን

ሐምዳይት በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ ግዛት፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰኖች ከሚገናኙበት ሥፍራ አጠገብ ያለች ትንሽ የጠረፍ ከተማ ናት። ኢትዮጵያውያን ተከዜ፣ ሱዳናውያን ሰቲት የሚሉት ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ ከወንዙ ማዶ የሑመራ የሰሊጥ አገር ይጀምራል። በዚህ መስመር ዐረብኛ፣ ትግርኛና አማርኛ በገበያ፣ በእርሻና በመንገድ ላይ ሲገናኙ የኖሩ ቋንቋዎች ናቸው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማዋ የስደተኞች ዋና መግቢያ ሆነች። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ሱዳን በቀን 4,000 ያህል ሰዎች ይገቡ እንደነበር አስታውቋል፤ በሐምዳይት የነበረው ጊዜያዊ መቀበያ ግን ለ300 ያህል ሰው ብቻ የተዘጋጀ ነበር። የፈረንጆቹ 2020 ከመጠናቀቁ በፊት የተሻገረው ሕዝብ ብዛት ከ50,000 አልፏል።

እነዚህ ሰዎች ወንዙን ከመሻገራቸው በፊት ስምንት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሌላ መልእክት ሲሰሙ ከርመዋል፦ «ቤት ይቆዩ»። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር የትግራይ ክልል የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ በአማራ ክልልም ባሕር ዳርን ጨምሮ ጥቂት ከተሞች ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የፌዴራሉ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሱዳንም መጋቢት 7 ቀን ድንበሮቿን ዘግታ፣ ሚያዝያ 10 ቀን በካርቱም ሙሉ የእንቅስቃሴ እገዳ አድርጋለች። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቤት አትውጡ የተባለ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ የወጣበት ሥፍራ ሐምዳይት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ መልእክቱ የተላለፈበት ግስ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ የቤት ውሎውን የሚናገርባቸው ግሶች መጠን ያላቸው፣ ጊዜን የሚሰፍሩ ናቸው፤ መልእክቱ የመረጠው «ቆየ» ግን ስፍር የለውም። ይህ ልዩነት በመሐል አገር የቃላት ምርጫ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ወደ ጠረፉ ሲወረድ ግን ከኑሮ ጋር የተጣበቀ ሆኖ ይገኛል።

ጊዜ የሚሰፍሩ ግሶች

አማርኛ ጊዜን የማሳለፍን አሳብ በአንድ ግስ ብቻ አይገልጽም። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ዋለ፣ ረፋዱን ያሳለፈ አረፈደ፣ ምሽቱን ያሳለፈ አመሸ፣ ሌሊቱን ያሳለፈ አደረ ይባላል። ጥቂት ቀናት ካለፉ ሰነበተ፣ ወራት ካለፉ ከረመ፣ በጋው ካለፈ ባጀ ይባላል። ሰነበተ ከሰንበት፣ ከረመ ከክረምት፣ ባጀ ከበጋ ጋር ያላቸው ዝምድና ለማንም ግልጽ ነው። ባጀ በከተማው አማርኛ እየሳሳ ሄዷል፤ ከረመም ወቅቱን ለቆ ለማናቸውም ረጅም ጊዜ መጠሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ግሶች ጥንድነት ዓመቱን በዝናብና በደረቅ ወራት የሚከፍል የገበሬ የቀን አቆጣጠር እንደነበራቸው ይመሰክራል።

የሰላምታ ሥርዓት የተሠራው በእነዚሁ ግሶች ላይ ነው። እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ የሚሉት ጥያቄዎች ስለ ጤና ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ተጠያቂውና ጠያቂው ከተለያዩ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነም ይናገራሉ። ትናንት ያገኙትን ሰው «እንደምን ከረምክ» ብሎ መጠየቅ ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ «ምነው ጠፋህ» የሚል ወቀሳ ነው። ሰዋስው እዚህ ላይ የማኅበራዊ ኑሮ መዝገብ ይይዛል፤ ሰው ከሰው የተለየበት ጊዜ ሁሉ በግስ ይቆጠራል።

ትግርኛ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። ወዓለ፣ ሓደረ፣ ሰንበተ፣ ቀነየ፣ ከረመ የሚሉት ግሶች ከአማርኛዎቹ ጋር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለአንድ ይዛመዳሉ፤ ወዓለና ሓደረ በግዕዙ ወዐለና ኀደረ በኩል ከአማርኛዎቹ ዋለና አደረ ጋር የሥር ወንድማማቾች ናቸው። ስፍር ለሌለው ቆይታም ጸንሐ የሚል ግስ አለ። ከሑመራና ከአካባቢው የተሻገሩት ሰዎች አብዛኞቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች፣ ብዙዎቹም አማርኛን የሚያውቁ በመሆናቸው፣ ስለ ውሏቸው በሁለቱም ቋንቋዎች ሲናገሩ የሚቀየረው ቃሉ እንጂ መስፈሪያው አይደለም። በጽሑፍ ዐረብኛ ዘለ እና ባተ የሚሉት ግሶች ለቀንና ለሌሊት እንዲህ ያለ አገልግሎት አላቸው። የሱዳን ዐረብኛ ግን በዕለት ንግግሩ ገዐደ፣ ማለትም «ተቀመጠ» ወደሚለው ግስ ያዘነብላል፤ ይኸው ግስ ድርጊት በመካሄድ ላይ መሆኑንም ያመለክታል።

የአማርኛዎቹ ግሶች ሌላም አገልግሎት አላቸው። በረዳትነት ሲገቡ ዋናውን ድርጊት በጊዜ ስፍር ውስጥ ያስቀምጡታል፦ ሲፈትሉ ዋሉ፣ ሲያነብ አመሸ፣ ስታስታምም አደረች፣ ሲጠብቁ ሰነበቱ። በዚህ አገባብ ድርጊቱ ጊዜውን ይሞላዋል። ሥራ ፈትቶ የዋለ ሰው እንኳ «ዝም ብሎ ዋለ» ይባላል፤ ባዶው ቀን ራሱ ሙሌት ይፈልጋል።

ቆየ ከእነዚህ ይለያል። ሁለት ደቂቃም ይቆያል፣ ሠላሳ ዓመትም ይቆያል። ስፍር ባይኖረውም ግን ወደ ፊት የሚመለከት ግስ ነው፤ «እስከ» የሚል ማሰሪያ ይጠብቃል፦ እስኪመጣ ቆየ፣ እስኪመሽ ቆየ። «ቆይ» የሚለው ትእዛዝ ጠብቅ ማለት ነው፤ «ቆይ ብቻ» ሲባል ዛቻ ይሆናል፤ «አትቆይ» ደግሞ ቶሎ ተመለስ ማለት ነው። በሁሉም ውስጥ አንድ የሚመጣ ነገር አለ። መልእክቱን ያዘጋጁት ሰዎች «ቤት ይቀመጡ» ከማለት ይልቅ «ቤት ይቆዩ» ማለትን መምረጣቸው ስለዚህ ጥሩ ጆሮ ያሳያል። «ቤት ተቀመጠ» ሥራ አጣ፣ ከትምህርት ቀረ፣ ተባረረ የሚል ጥላ አለው። ቆየ ግን መጨረሻ እንዳለው ተስፋ ይሰጣል። ቀኑን ግን አይናገርም።

የመልእክቱ ሌላ መልክ «በቤትዎ ይቆዩ» የሚለው ነው። «ቤት ዋለ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ቤት ያለ መስተዋድድና ያለ አገናዛቢ ቅጥያ ይቆማል፤ ትርጉሙም ለሥራ ወይም ለጉዳይ አልወጣም ማለት እንጂ የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም። «በቤትዎ» ሲባል ግን ቅጥያው ቤቱን ለአድማጩ ይሰጠዋል፤ የአክብሮቱ መልክም አድማጩን አንድ የተከበረ የቤት ጌታ ወይም እመቤት ያደርገዋል። በዐረቡ ዓለም የተሰራጨው «ኸሊክ ፊል ቤት» በአንጻሩ ለቤቱ ባለቤት አይሰጥም። ቤትና ቤት በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ጥንታዊ ሴማዊ ስም ነው፤ የአማርኛው መልእክት ግን በአንዲት ቅጥያ የንብረት ቅድመ ግምት ጨምሮበታል።

ሠርቶ ማደር

የአደረ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። አማርኛ የሰዎችን መተዳደሪያ የሚሰይመው በሌሊቱ ነው። አርሶ አደር ማለት አርሶ የሚያድር፣ አርብቶ አደር አርብቶ የሚያድር፣ ሠርቶ አደር ሠርቶ የሚያድር ነው፤ ወዛደር ደግሞ በወዙ የሚያድር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ ገንነው የወጡ ቢሆኑም አሠራራቸው የቆየ ነው፦ ቦዝ አንቀጹ የቀኑን ሥራ ይናገራል፣ አደር የሚለው ደግሞ ያ ሥራ የሚያስገኘውን የሌሊት ዕረፍትና እራት። ያልተሳካለት «ጦሙን አደረ» ይባላል፤ ያልተዘራ መሬትም እንዲሁ ጦሙን ያድራል። መተዳደር የሚለው ቃል ራሱ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ውሎ አዳር ሲባል ሁለቱ በአንድ ቃል ተጣምረው የኑሮ ሁኔታን በሙሉ ይገልጻሉ።

በዚህ ሰዋስው ውስጥ ለኖረ የቀን ሠራተኛ «ቤት ይቆዩ» የሚለው መልእክት ያስቸገረው ስላልገባው አልነበረም። ከቤት ውጭ ያልዋለ ሰው ሠርቶ የሚያድረው በምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በራሱ በቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። ሑመራ፣ መተማና ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገሮች ናቸው፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ ቤቱ ሌላ፣ ውሎው ሌላ ነው። ክረምቱን በእርሻው ላይ የሚከርም ሰው መኖሪያው ዳስ ወይም በሱዳን ዐረብኛ ራኩባ የሚባለው በሣርና በእንጨት የተሠራ መጠለያ ነው። የወረርሽኙ የቤት ቋንቋ ይህን ሰው የሚያይበት ዐይን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ይህ ትችት ለአማርኛ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ በሌሎች ቋንቋዎችም የቤት መልእክት ቤት ለሌለው ሰው አልሆነም። የአማርኛው የሚለየው ቋንቋው ራሱ ችግሩን አስቀድሞ ስም አውጥቶለት መገኘቱ ነው።

ጨዋታ

ቤት ላላቸው ቀኑ እንዴት ይሞላ ነበር? ቴሌቪዥኑና ስልኩ እንዳሉ ሆነው፣ በብዙ ቤት የቆዩ የቤት ሥራዎች ቦታቸውን አስፍተዋል፦ ፈትል፣ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ስፌት፣ ሹሩባ መሥራት፣ ገበጣና ዳማ፣ ለልጆች ተረትና እንቆቅልሽ። ለቋንቋ ተመራማሪ የሚማርከው እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዘው ግስ ነው። ተጫወተ ማለት በአማርኛ ኳስ ወይም ገበጣ መጫወት ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ማውራትም ነው። «ና እንጫወት» የሚል ሽማግሌ ወሬ እንጂ ሌላ ጨዋታ አይፈልግም። ስለዚህ በአማርኛ «ጊዜ ማሳለፊያ» ከሚለው የመጽሐፍ ሐረግ በፊት የነበረው ቃል ጨዋታ ሲሆን፣ ጨዋታ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ብቻውን የሚጫወት በመጀመሪያው ትርጉም ሕፃን ነው፤ በሁለተኛው ትርጉም ሰው የሚሠጋለት ነው።

የዚህ ጨዋታ ዋና ሥፍራ ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባሉት ሦስቱ ዙሮች ራሳቸው የጊዜ መስፈሪያ ናቸው፤ በበረካ የተነሣና በአቦል የሄደ እንግዳ የቆየው ጊዜ ያለ ሰዓት ይታወቃል። «ቡና ጠጡ» የሚለው የጎረቤት ጥሪ በሁለተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ መጨባበጥንም አገደ። አራት ሰው ለአንድ ትልቅ ቤተሰብ እንኳ አይበቃም። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለው የፋሲካ በዓል በብዙ ከተሞች ያለ ምእመናን ጉባኤ፣ ቅዳሴው በቴሌቪዥን እየታየ በየቤቱ ተከብሯል። ሰላምታው ከእጅ ወደ ደረት ተዛወረ፤ ቃሉ ግን አልተቀየረም፤ እንዲያውም እጅ ሲቀር እንደምን ሰነበታችሁ የሚለው ቃል ሥራውን ብቻውን ተሸከመ።

ወሸባና ማቆያ

ሰውን ከሰው መለየት ለአማርኛ እንግዳ አሳብ አልነበረም። አራስ በልጇ ክርስትና እስከ 40 ወይም እስከ 80 ቀን ትከለላለች። ሙሽሮች ጫጉላ ይገባሉ። ምእመን ሱባኤ ይይዛል፤ ሱባኤ የግዕዙን ሰባት በውስጡ ይዟል። መድኃኒት የወሰደ ሕመምተኛ ከሰው ዐይንና ከፀሐይ ተከልሎ ወሸባ ይገባ ነበር። የአውሮፓው ኳራንቲን ከጣልያንኛ አርባ መውጣቱን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ መለየትን በተቈረጠ የቀን ቁጥር ማሰር የብዙ ሕዝቦች ልማድ መሆኑ ግልጽ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቁጥር አለ፣ የሚያስታምም ሰው አለ፣ መውጫ ቀን አለ።

ወረርሽኙ ሲመጣ መገናኛ ብዙኃን ሁለት ስሞችን አንሥተዋል። አንዱ ይኸው ወሸባ ነው፤ ለትግርኛ ተናጋሪም ባዕድ አይደለም። ሁለተኛው ለይቶ ማቆያ ነው። ሁለቱ አንድን ነገር ቢሰይሙም ባለቤታቸው ሌላ ነው። ወሸባ የሚገባው ሰውየው ነው፤ ግሱ ገባ ነው፣ አድራጊውም ራሱ። ማቆያ ግን ከአቆየ የወጣ የቦታ ስም ነው፤ የሚያቆይ አካልና የሚቆይ ሰው ሁለት ሆነዋል። መቆያና ማቆያ በአንድ አናባቢ ቢለያዩ፣ በመጀመሪያው ሰው ይቆያል፣ በሁለተኛው ይቆዩታል። መቆያ እራት እስኪደርስ ለልጅ የሚሰጥ ቁራሽም ነው። ማቆያ ደግሞ ለሕፃናት፣ ለተጠርጣሪ፣ ለስደተኛ የሚሆን ስም ነው። በምርቃት የአስደራጊው ባለቤት እግዚአብሔር ነው፦ ሰላም ያውላችሁ፣ በሰላም ያሳድራችሁ፣ ያቆይልን። በማቆያ ግን ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ሆኗል።

ከሱዳን በመተማ በኩል የተመለሱ ኢትዮጵያውያን በ2012 ዓ.ም. በለይቶ ማቆያዎች አልፈዋል። ለእነርሱ ማቆያው ቁጥር ነበረው፤ መጀመሪያ የተወሰነው 14 ቀን ነበር። ሕዝቡ በልማድ የሚያውቀውን የወሸባ ሕግ፣ ማለትም የተቈረጠ ቀንን፣ ማቆያው የጠበቀው በዚህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ይታወሳል። ያ ወረርሽኝ በአማርኛ ስሙን ያገኘው ከመጣበት ወር ነው፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ቋንቋው ያንን መቅሠፍት በዓመቱ ዑደት ውስጥ አስቀመጠው። የኮሮናው ዘመን እንዲህ ያለ የወር ስም አላገኘም።

ወንዙ ዳር

ወደ ሐምዳይት ሲመለሱ፣ ማቆያ ያለ ቁጥር ምን እንደሚመስል ይታያል። ሥፍራው መሸጋገሪያ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ሰዎች ተመዝግበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ገዳሪፍ ግዛት መጠለያዎች፣ በመጀመሪያ ወደ ኡም ራኩባ፣ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ወደ ቱናይድባህ እንዲዛወሩ። የአካል ርቀት መጠበቅ የሚባለው ደንብ ለ300 ሰው በተሠራ ሥፍራ ውስጥ ትርጉም አልነበረውም። ብዙዎች በዛፍ ሥር፣ ሌሎች በከተማው ሰዎች ቤት አደሩ። ውሏቸውን የሚሞላው ሥራ ወረፋ ነበር፦ የምዝገባ ወረፋ፣ የምግብ ወረፋ፣ የሕክምና ወረፋ። ውሃ ከወንዙ ይቀዳል፣ ልብስ በወንዙ ይታጠባል። ቤቱን ያጣው የቤት ውሎ አደባባይ ወጥቷል፤ ቡናው እንኳ በተገኘበት ሁሉ ይፈላል።

ከዚህ በላይ ግን ብዙዎች ከሐምዳይት መዛወርን አልፈለጉም። ምክንያቱ ከማዶ የቀረ ዘመድ ነበር፤ ኡም ራኩባ ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከወንዙ ዳር ግን የሚሻገረው ሁሉ ይታያል። በቋንቋው አገባብ ሲታይ ይህ የቆየ ንጹሕ ፍቺ ነው፦ እስኪመጣ ቆየ። የመሥሪያ ቤቱ ማቆያና የሰውየው ቆይታ በአንድ ሥፍራ ላይ ቆመው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ አንዱ የሚያቆየው ሊያሳልፈው ነው፣ ሌላው የሚቆየው ላለማለፍ ነው። በአማርኛና በትግርኛ ለስደተኞች የሚዘጋጅ ማስታወቂያ ሁለቱን ለይቶ ካልጻፈ፣ «ለጊዜው እዚህ ይቆያሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለአስተዳደሩ የመጓጓዣ መርሐ ግብር፣ ለአድማጩ ግን ዘመድን የመጠበቅ ፈቃድ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። የቀን ቁጥር መጻፍ፣ ቢያንስ ይሰነብታሉ ወይም ይከርማሉ ብሎ ግሱን መምረጥ፣ ከዚህ አሻሚነት ያድናል።

ኡም ራኩባ የሚለው የቦታ ስም በሱዳን ዐረብኛ «የራኩባ እናት»፣ ማለትም መጠለያ ያለባት ማለት ነው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜም ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎችን ያስጠለለ ሥፍራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ማዕበልና ዝናብ በዚያና በቱናይድባህ የነበሩ ድንኳኖችን ጎዳ። በኅዳር ለጥቂት ቀን ብለው የተሻገሩ ሰዎች መጀመሪያ ሰነበቱ፣ በጋውን ባጁ፣ ከዚያም በሸራ ሥር ከረሙ፤ የመጨረሻው ግስ በእነርሱ ዘንድ ረጅም ጊዜ የሚለውን ትርጉም ትቶ ወደ ዝናቡ ተመልሷል።